ብርቱካናማዋ ተሠርታለች፣ ጋሽ ማቲዎስ

አሁንም ደወልኩላቸው። ይጠራል። ስልካቸው እየጠራ እሳቸው የሉም ይሉኛል።

ጠዋት ልጃቸው ምሕረት ደውላ "አባዬ ወደ ጌታ ሄደ" ስትለኝ "የትኛው አባትሽ?" አልኳት። ሌላ አባት ያላት ይመስል። አልቅሳ ዘጋችው፤ እኔም ስልኩን እንደያዝኩ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሽ ማቲዎስ መናኸሪያ አካባቢ እንጨት መሸጫው አጥር ሥር የሞተር መጋዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሥራ የሚጠብቁት ሽማግሌ ናቸው። ሐዋሳ ውስጥ ቤት ላይ ያጋደለ ዛፍ አስቆርጣችሁ ከሆነ፣ ወይ እሳቸው ቆርጠውላችኋል ወይ እሳቸው ያስተማሩት ሰው። እኔ ካስተማሯቸው አንዱ ነኝ።

እኛ ዘንድ መጋዝ በኩባንያው ስም አይጠራም፣ በቀለሙ ነው። የእሳቸው ብርቱካናማ ናት። ሃያ ዓመት ሌላ አልነኩም። ዝናብ ሲመጣ ጃኬታቸውን አውልቀው እሷን ይሸፍኗታል፣ ራሳቸው ይበሰብሳሉ። እኔ ከሳቸው ወጥቼ የራሴን ስገዛ ቀይ ገዛሁ። ሦስት ቀን ሰላምታዬን አልመለሱም። በአራተኛው ቀን "ያቺ ቲማቲምህ ዛሬ ተነሣችልህ?" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የእኔዋ ቲማቲም፣ የእሳቸው ካሮት ተብለው ቀሩ። የማንኛችን ትሻላለች ስንባባል ደንበኛ ሰልችቶት የሄደበትም ቀን አለ።

አንድ ጊዜ ወደ አሞራ ገደል መውረጃ አንድ ግቢ ውስጥ ትልቅ ዛፍ ስቆርጥ ቀይዋ ግንዱ ውስጥ ተቀረቀረች። እልህ ይዞኝ ነዳጅ እሰጣታለሁ፣ ትጮሃለች፣ አትወጣም። ጋሽ ማቲዎስ ሰው ነግሯቸው በባጃጅ ደረሱ። መጥተው ሞተሬን አጠፉብኝ። "መጀመሪያ አጥፋ፣ ከዛ ስማ" አሉኝ። ስሰማ ዛፉ በእኔ በኩል ሲጥ ሲጥ ይላል። ለካ ራሴ ላይ ሊወድቅ ነበር። ከወዲያ በኩል ገብተው በብርቱካናማዋ ቆርጠው ጨረሱልኝ። ባለቤቱ ሲመጣ ሥራው የእኔ እንደሆነ ነገሩት፣ ስለ ቀይዋም አንድ ቃል አልተነፈሱም። በማግስቱ አጥሩ ሥር ግን ቀኑን ሙሉ አሳቁብኝ።

"መጀመሪያ አጥፋ፣ ከዛ ስማ።" ሚስቴ ስትቆጣኝ እንኳ ይህንኑ ይሉኝ ነበር።

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን እጽፋለሁ። ምሕረትም ታንብበው፣ ከሌላ ሰው ከምትሰማ።

በእኛ ሥራ አንድ ደንብ አለ። የጓደኛህ መጋዝ ከተበላሸ ሳትጠየቅ ያንተን ታበድረዋለህ። እሱ ሲመልስ የነዳጅ ታንከሩን ሞልቶ ይመልሳል። በቃ። ጥያቄም ምስጋናም የለበትም። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ብርቱካናማዋ ተበላሸች። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠጋኙ ከድር ጋ ተቀመጠች። እሳቸው ደግሞ የአንዲት እናት ኩሽና ላይ ያዘነበለ ዛፍ ሊቆርጡ ቃል ገብተዋል። ትናንት ወደ እኔ መጡ። ሃያ ዓመት ቀይ አልነካም ያሉ ሰው "እስቲ ያቺን ቲማቲም ለነገ አውሰኝ" አሉ።

ዝም ብዬ መስጠት ነበረብኝ። እኔ ግን ሰው ተሰብስቦ ስላየሁ ቀልድ አማረኝ። "ቀይ ይሻላል ይበሉ፣ እዚሁ ሰው ፊት፣ ከዛ ይውሰዷት" አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። "ይህንንስ ከምል በእጄ እቆርጠዋለሁ" ብለው ተነሡ። የሚመለሱ መስሎኝ ታንከሯን ሞልቼ ጠበቅኳቸው። እስኪመሽ አልመጡም። ነገ ቤታቸው አደርስላቸዋለሁ ብዬ ገባሁ።

ዛሬ ማልደው በመጥረቢያና በእጅ መጋዝ ሄዱ። በዚያ ዕድሜያቸው። ግማሹን እንደቆረጡ ደረታቸውን ይዘው ተቀመጡ፣ ሐኪም ቤት አልደረሱም። ለቅሶ ቤት ስደርስ ምሕረት አቅፋኝ "ልቡ ድሮም ደካማ ነበር" እያለች አጽናናችኝ። እኔን።

ድንኳኑ ውስጥ እንዳለሁ ከድር ደወለ። መርዶውን አልሰማም ነበር። "ጋሽ ማቲዎስ ስልክ አያነሱም፣ ዕቃው መጥቶ ብርቱካናማዋ ተሠርታለች፣ መጥተው ይውሰዷት በላቸው" አለኝ። ወጥቼ የግቢውን አጥር ተደግፌ አለቀስኩ። አንድ ቀን ብቻ። አንድ ቀን ብታድር ኖሮ ቀይዋ እሳቸው ጋ፣ ዛሬ አጥሩ ሥር እየተሳደብን ነበር። ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ጋሽዬ፣ ብርቱካናማዋን ከከድር ተቀብያታለሁ። ይህን ስጽፍ ጉልበቴ ላይ ናት። ያ ዛፍ ግማሹ ተቆርጦ በሴትዮዋ ኩሽና ላይ እንዳዘነበለ ቆሟል፣ እንደዚያ ሊተው አይችልም። ነገ ከቀብር በኋላ በእሷ እጨርሰዋለሁ። ትናንት የሳቁት ሁሉ ባሉበት፣ የጋሽ ማቲዎስ ትሻላለች እላለሁ። ድሮም አውቅ ነበር፤ እልህ ነው። መሐል ላይ ስደርስም አጥፍቼ እሰማለሁ፣ እንዳስተማሩኝ።

ሲያልቅ ታንከሯን ሞልቼ ለቤትዎ እመልሳታለሁ። ደህና ይሁኑ፣ ጋሽዬ። ምነው ያኔ ዝም ብዬ በሰጠሁዎት።