አፍ ሙሉ ውኃ

ዛሬ ሽንፋ ከተማ፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ፣ ልጄ ጉንጯን ነፍታ ስትሮጥ አየሁና ደሜ ፈላ። አባቴ አፏን ሙሉ ውኃ አስይዘው እያሮጧት ነው!

እኔንም በልጅነቴ እንዲሁ ነበር ያደረጉኝ። በዚያ እሳት በሆነ ፀሐይ፣ የታጨደው ሰሊጥ እየሸተተኝ፣ እርሻውን ያዞሩኝ ነበር። «አፍሽን ከከፈትሽ ትንፋሽሽ ያልቃል፤ ውኃውን ሳትውጪ ዞረሽ ነይ!» ይሉኛል። ቀስ ብዬ ስሮጥ አፍንጫዬ ይበቃኛል። ስፈጥን ግን ደረቴ ይቃጠላል፣ እግሬ ይከዳኛል። ውኃውን ተፍቼ አየር ስጎርስ ነፍስ እዘራለሁ፤ እሳቸው ደግሞ «ሰነፍ!» ይሉኛል።

«አባባ፣ ኧረ በፈጣሪ! ልጅቷን ትንፋሽ አጠራት እኮ!» አልኳቸው።

ከተቀመጡበት ጥላ ተነሥተው ሜዳውን እስኪያቋርጡ ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። ወገባቸውን ይዘው፣ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው እያለከለኩ፣ ውኃውን የተፋችው ልጄ ላይ ጮኹባት።

«አፍሽን ግጠሚ!»