ከግንቡ ወዲህ የቀረችው ጎታች

ኤርካሎ ጩማ አልሰጥም ብሎ የጸናባት ንብረቱ፣ በወላይታ ሶዶ፣ በገዛ ጓሮው ውስጥ፣ በአራት ጉማጅ ግንድ ላይ የቆመች፣ መውጫ የሌላት አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረች።

ቀድሞ ጥር በገባ ቁጥር የሶዶና የበዴሳ ሹፌሮች ከበዴሳ ወጣ ብሎ ባለው ዳገት ላይ በጉተታ ይፎካከሩ ነበር። በካቦ የታሰረ የባሕር ዛፍ ግንድ እየጎተተች ከሁሉ ርቃ የወጣች መኪና ለባለቤቷ አንድ ሙክት ታስገኝ ነበር። የኤርካሎ መኪና ስድስት ጊዜ አሸንፋለች። የበዴሳ ሰዎች ገና ከሩቅ ድምፅዋን ለይተው «ሙክት በላዋ መጣች» ይባባሉ ነበር።

የድሏ ምስጢር፣ ባለቤቷ እንደሚለው፣ በክረምት አያያዟ ላይ ነው። ሌሎቹ መኪኖቻቸውን እስከ ጳጉሜን ድረስ በጭቃ ሲያንገላቱ፣ እርሱ ሰኔ ሲብት ሞተሯን ያሞቅና ዘይቷን ትኩሱን ያፈሳል፤ ራዲያተሯን ያንጠፈጥፋል፤ ባትሪዋን ፈትቶ ከመኝታ ቤቱ ጥግ በሳንቃ ላይ ያኖራል፤ ካቦውን ግራሶ ይቀባል፤ አይጥ እንዳይገባባት የጭስ ማውጫዋን በጨርቅ ይወትፋል። ከዚያም በክሪክ አንሥቶ በግንድ ላይ ያሳርፋትና ጎማዎቿን ይፈታል። ላስቲክ ግን ከቶ አያለብሳትም። ላስቲክ ብረትን ያስልባል፣ ያላበ ብረትም ይዝጋል ባይ ነው። በዚህም ምክንያት፣ አባቱ ቤት ሲሠራ እንዳየው፣ ዙሪያዋን በቀርከሃ ቀልሶ ከአናቷ እስከ እግሯ በደረቅ የእንሰት ቅጠል ይከድናታል። ነፋስ ይገባል፤ ዝናብ አይገባም።

መከራዋም ከዚያው ክዳን መጣ።

በ፲፱፻፺፯ ዓ.ም. ሐምሌ ኤርካሎ በውድድሩ ግንድ ሲያነሣ ያገኘው ቡአ ጠንቶበት፣ ሊታከም ዱቦ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ይዞታ የሚመዘግቡ ሰዎች በዚያው ሰሞን በዶፍ ዝናብ ጃንጥላ ዘርግተው መጡ፤ ጭቃውን ጠልተው ከደጃፍ ሳያልፉ ጓሮውን ቃኙና፣ ቅጠል የለበሰችውን መኪና በንድፋቸው ላይ «ጎጆ» ብለው አሰፈሯት። ለጎጆ የመኪና መንገድ አያስፈልግም። ከጓሮው ወደ ዋናው ጎዳና ይወስድ የነበረው መተላለፊያ ለጎረቤቱ ለባዳቾ ተመራ፤ ባዳቾም ድንጋይ አስጭኖ ግንብ ጀመረ። ኤርካሎ ከሆስፒታል ሲመለስ ግንቡ ወገብ ደርሶ ነበር፤ የቀዶ ጥገናው ቁስል እስኪሽር ከቁመት አለፈ።

ጉዳዩ ወደሚታይበት ቢሮ የመኪናዋን ሊብሬ ይዞ ሁለት ዓመት ተመላለሰ። ጸሐፊዋ ንድፉን ዘርግታ እያሳየች፣ ሊብሬው መኪና መኖሯን እንጂ የት እንደምትኖር እንደማይናገር በትሕትና ታስረዳው ነበር። ባዳቾን እንዳይከስ ደግሞ ሁለቱም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ናቸው። እሑድ እሑድ በአንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፣ ከአንድ መጽሐፍ ይዘምራሉ፤ ባዳቾ በሁለት እጁ ሰላም ይለዋል፤ ስለ ግንቡ ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አይሉም። ሌሎችን ሲያስታርቅ የኖረ ሰው በደረሰበት በደል ማን ዘንድ ይሂድ?

እንዲህ ሆኖ ስድስት ክረምት አለፈ። በየመስከረሙ ቅጠሉን ያነሣል፣ ጎማዋን ያስራል፣ ባትሪዋን ይመልሳል፤ ሞተሯንም አስነሥቶ አራት ክንድ ወደ ፊት፣ አራት ክንድ ወደ ኋላ ይነዳታል። ከፊቷ ግንቡ፣ ከኋላዋ የእንሰቱ ተክል አለ። ሰኔ ሲመጣ እንደገና ይከድናታል።

በሰባተኛው ሰኔ፣ ገና ቀርከሃውን እየቀለሰ ሳለ፣ ብየዳ ሠራተኛው ገብረማርያም መጣ። በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ የከተመ፣ በስድስቱም ድል ግንዱን በካቦ ያሰረ ወዳጁ ነው። በዴሳ ያለ ባለ ወፍጮ ሞተሯን እንደሚፈልግ፣ እርሱም ሰውነቷን በእሳት ቆራርጦ በግንቡ ላይ ሊያሳልፍ እንደሚችል ነገረው። ኤርካሎ ሥራውን ሳያቋርጥ አዳመጠ። ሥራውን አለማቋረጡ ገብረማርያምን አናደደው።

«ኤርካሎ፣ እውነቱን ልንገርህ» አለ። «መዝጋቢዎቹ አልተሳሳቱም። ያለችህ መሪ ያላት ጎጆ ናት።»

በዚህ ጊዜ ሚስቱ ሽታዬ ታቅፋ ያመጣችውን የእንሰት ቅጠል መሬት ላይ አኖረችው። ከባሏ ጋር ሠላሳ ዓመት በኖረችበት ጎጆ ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል የደበቀችው ነገር ነበራት።

«የማቲ አባት፣ መዝጋቢዎቹ የመጡ ዕለት ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር» አለችው። «ጎጆ ብለው ሲጽፉ ሰማሁ፣ ዝም አልኩ። ከዚያ ዳገት አንድ ቀን በቃሬዛ እንዳያመጡህ ፈርቼ ነው። አሁን ስጣቸውና ሁላችንም እንገላገል።»

ኤርካሎ የያዘውን ቀርከሃ ለቀቀው፤ ቀርከሃው ተስፈንጥሮ ቀጥ አለና መሬት ላይ ወደቀ። ግንቡን አየ፤ ከግንቡ በላይ ደመና የሸፈነውን የዳሞታን ተራራ አናት አየ፤ ቀጥሎም ሚስቱን ተመለከታት። ሁለት ዓመት ቢሮ ሲመላለስ ያጣው ምስክር በየማታው ራቱን ሲያቀርብለት ኖሯል። ገብረማርያም ይቆጣል ብሎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ኤርካሎ ግን ጎንበስ ብሎ ቀርከሃውን አነሣ፣ እንደገናም ቀለሰው፤ ድምፁን ከፍ ሳያደርግም እንዲህ ሲል መለሰ፦

«ሽታዬ፣ ስለ ፈራሽልኝ አልቀየምሽም፤ ስለ ዝምታሽ ግን ገና እንነጋገራለን። ገብረማርያም፣ አንተንም ጌታ ይባርክህ፤ እሳትህን ግን ወደ ቤትህ ይዘህ ግባ። በየመስከረሙ ስትነሣ የምሰማት እኔ ነኝ፤ የምትነሣ መኪና አላስቆርጥም። ግንቡ የባዳቾ ነው፣ ይቁም። ንድፉም የቢሮው ነው፣ ጎጆ ይበላት። ጓሮው የእኔ ነው። አራት ክንድ ከቀራት አራት ክንድ ትሄዳለች። በሉ አሁን ያንን ቅጠል አቀብሉኝ፤ ዝናቡ ደርሷል።»