ያለ ሟች የተነፋው ጥሩምባ

ሐሳቡ የእኔ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ሰው ሁሉ ሊቀመንበራችንን ሲወቅስ ሃያ ዓመት ዝም ብያለሁና።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት አልፎ፣ ሐይቅ ዳር ባለው ጡብ ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበር ልናቋቁም ተነሣን። ሊቀመንበሩ እሳት ክፍል የሚሠራ ጎልማሳ፣ ጸሐፊው እኔ። የምሥረታው ቀን የወረዳው ሹም መጥቶ ዋርካው ሥር ተቀመጠ፤ ሠራተኛው ግን ቀረ። ሥራ አስኪያጁ «ስብሰባ የሄደ ወደ ሥራ አይመለስም» ብሎ ነበር። ሹሙ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ማኅበሩ ዛሬ ካልቆመ ነገ የምንባረረው እኛ ሁለታችን ነን።

«የቅሬውን ጥሩምባ ብንነፋውስ?» አልኩት ሊቀመንበሩን።

ቅሬ እስላም ክርስቲያኑ በአንድነት የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ጥሩምባው ከተሰማ አለቃም ቢሆን ሰው አያስቀርም። ያለ ሟች መንፋት ደግሞ ትልቅ ነውር ነው። ፊቱ ገረጣ፤ ግን ከጥሩምባ ነፊው ጎረቤቱ ቤት አምጥቶ ነፋው።

ሠራተኞቹ አካፋና ዶማ ተሸክመው ግልብጥ ብለው መጡ።

«ማነው የሞተው?»

«እኛ፤ ነገ» አለ ሊቀመንበሩ።

የሰደበን ሰደበን። ከመጡ አይቀር ግን እጃቸውን አወጡ፤ ማኅበሩ ቆመ።

ቅሬው አልማረውም። በሞት ቀልደሃል ብለው ለአንድ ዓመት አስወጡት፤ ለቤቱ ጥሩምባ አይነፋም። እኔን የጠየቀኝ የለም። ፈሪ ነበርኩ፤ አልተናገርኩም።

ዓመቱ ሳይሞላ እናቱ ሞቱ። ሁለታችን ብቻ መቃብር መቆፈር ጀመርን። ኮሽ ባለ ቁጥር ቀና እላለሁ። ፀሐይዋ ወጣች፣ ማንም የለም። እኚህ ሴት በእኔ ምክር ያለ ቀባሪ ሊቀሩ ነው ብዬ ዶማውን ጣልኩ።

«ለቅሬው እነግራለሁ» አልኩት።

«አብሽር፣ ቆፍር» አለኝ።

የፋብሪካው የመግቢያ ደወል ተሰማ። ሥራ ገቡ ስል፣ ከመንገዱ በኩል አካፋ የያዙ ሰዎች ብቅ አሉ። የሠራተኛ ማኅበራችን አባላት ናቸው፤ ሥራ ትተው፣ ጥሩምባ ሳይሰሙ መጡ። ከኋላቸው የቅሬው ዳኛ የሆኑት ሽማግሌ ነበሩ።

«ለመሆኑ» አሉት ሽማግሌው፣ «ያን ቀን የመከረህ ሰው ነበር? ካለ ቅጣቱን ይካፈልህ።»

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ አላየም።

«ወላሂ፣ ብቻዬን ነኝ» አለ።

በሐሰት ሲምል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ አንገቴን ደፍቼ መቆፈሬን ቀጠልኩ።