እማማ ራዲያተርና አዲሱ መንገድ

ወደ ሰሜን የሚሄደው አውራ ጎዳና አሸዋማውን ሜዳ ጨርሶ ጭጋጋማውን ዳገት ሊያያዝ ሲል፣ የጭነት መኪኖች ሞተር ለማብረድ ይቆማሉ። እዚያ ጭር ያለ ቦታ መጀመሪያ ጎጆ የቀለሰችው እሷ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ወንድ ልጇን ያዘለች ሴት ነበረች። ከምንጩ እየቀዳች ለሾፌሮቹ ሻይ፣ ለሞተራቸው ውሃ ስታቀርብ ስሟ ተረሳና «እማማ ራዲያተር» ተባለች። ኋላ አንድ ጎማ ጠጋኝ ባዶ እጁን ሲመጣ ከግቢዋ ቆርሳ ሰጠችው። ሌሎችም ተከተሉ፤ ሰፈር ሆነ።

ከዓመታት በኋላ አዲሱ አስፋልት ከኮረብታው ማዶ ሲያልፍ ግን ሁሉም በርና ቆርቆሮውን ነቅሎ ወደዚያው ነጎደ። ጎማ ጠጋኙ የእሷን አጥር ሳይቀር ጫነው።

«ኧረ ለማገዶ እንኳ ተውልኝ!»

«ደግሞ ለማን ሊያፈሉ ነው፣ እማማ?» ብሎ ሳቀባት።

ልጇ የባሰ ሆነ። ከሚስቱ ጋር መጥቶ፣ እናቱ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እያየች፣ ጣሪያዋን ይነቅል ጀመር።

«ልጄ፣ ዝናቡ ደርሷል እኮ።»

«ቤቱን ልጨርስና እወስድሻለሁ አልኩሽ! ምን ያስቸኩልሻል?»

«እኔ መች ቸኮልኩ? የቸኮለውስ ቆርቆሮው ነው።»

ምራቷ ሳቋ አመለጣት። ልጅየው በሯንም ማንቆርቆሪያዋንም ጨምሮ ጫነና ሄደ።

ዝናቡ መጣ፤ ልጇ ቀረ። የምትተኛበት ሁሉ ሲበሰብስ ምርኩዟን ይዛ፣ እየወደቀች እየተነሳች ኮረብታውን ተሻገረች። የልጇን ሻይ ቤት የለየችው በገዛ በሯ ነው። ገና ስትገባ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ብድግ አለ።

«እማማ ራዲያተር! በሕይወት አሉ? ልጅዎ ሞተች ብሎን እኮ እዚሁ ተሰብስበን አለቀስን!»

ልጇ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ተሳስተሃል አባባ» አለ። «እኚህ ሴትዮ ጤና የላቸውም። አላውቃቸውም።»

እሷ ወደ ጎማ ጠጋኙ ዞረች። ጥግ ላይ ሻዩን ይዞ አቀርቅሯል። «እኔም አላውቃቸውም» አለ።

«እውነታቸውን ነው» አለች። «እኔ ልጅ የለኝም።»

ሽማግሌው ደግፎ መኪናው ላይ አወጣት፤ ዳገቱን አልፎ ቤቱ ወሰዳት። ሚስቱ ብትንከባከባትም የሳንባዋ ብርድ አልለቃትም፤ በጋውን ሳታይ አረፈች። ሾፌሩ ሲመለስ ሻይ ቤቱ ገብቶ ለልጅየው ነገረው።

«እናትህን ቀበርናት።»

ልጅየው ብርጭቆ መወልወሉን አላቆመም።

«እኛ አልቅሰን ጨርሰናል» አለው።