ካላንደሯና የወንድሟ ሚስት

በክሊኒኩ ስሟን የሚጠራ የለም፤ ነርሱም ጽዳቱም «ካላንደሯ» ነው የሚላት። የፈረቃውን ሠንጠረዥ ኮምፒውተር ላይ የምታዘጋጀው እሷ ናት። ቀኑ ሦስት ፈረቃ ስላለው፣ አንዱን ቀን ሦስት ጊዜ እየደገመች ዓምዱን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ትሞላዋለች። ባሏ ጥሏት የሄደ ሰሞን እንኳ ሠንጠረዡ አልዘገየም። «ተራዬ መቼ ነው?» ላላት ሁሉ በቃሏ ትነግረዋለች። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ ሌላ የሚያኮራት ነገር አልነበራትም።

የወንድሟን ሚስት ለምና ያስቀጠረቻት ራሷ ናት። ልጅቷ አጠገቧ ተቀምጣ ጥቂት አየቻትና፣

«እትዬ፣ ጣትሽን ለምን ታደክሚያለሽ? የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ብቻ ጻፊ። አራተኛው ላይ ‹ሦስት ሳጥን ከፍ ብሎ ያለውን ቀን ውሰድና አንድ ጨምርበት› በይው። ከዚያ ወደ ታች መጎተት ነው» አለቻት።

ልጅቷ ራሷ ጎተተችው። ዓመቱ በሙሉ ዥው ብሎ ወረደ። የነርሶቹ አለቃ «አንቺማ ጉደኛ ነሽ!» ብላ የልጅቷን ትከሻ መታ መታ አደረገች። የካላንደሯን ትከሻ በዚያ ሁሉ ዘመን የነካው ሰው የለም። እርር ድብን አለች።

ከዚያ ወዲህ ተራውን የሚጠይቅ ሁሉ ወደ ልጅቷ ሆነ። እሷም ፈገግ ብላ ስክሪኑን ታያለች። በቃሏ እንኳ አታውቀውም እኮ!

አንድ ቀን ልጅቷ ለምሳ ስትወጣ፣ ካላንደሯ አንድ የከሰዓት ፈረቃ ሳጥን ውስጥ የማግሥቱን ቀን በእጇ ጻፈች። አንድ ስህተት ተገኝቶባት ትፈር ብላ ነው። የታችኛው ሳጥን የላይኛውን እንደሚከተል ግን ልብ አላለችም፤ እሷ ቀን የምታውቀው አንድ በአንድ ነው። ከዚያ በታች ያለው የከሰዓት ፈረቃ ሁሉ በአንድ ቀን ተዛነፈ።

ሠንጠረዡ ተለጠፈ። ለከሰዓት ፈረቃ ሳይጻፍ የቀረው ቀን ሲደርስ ከሰዓት በኋላ አንድም ነርስ አልመጣም። እናቶች የታመሙ ልጆቻቸውን ታቅፈው ኮሪደሩን ሞሉት፤ አለቃዋ ብቻዋን ስትሯሯጥ አመሸች። በማግሥቱ ሁለቱን ጠርታ፣ «ማነው ይህን የነካው?» አለች።

ካላንደሯ አፏን ልትከፍት ስትል ልጅቷ ቀደመቻት።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ሳልቆልፈው ትቼው ነው። እትዬ የለችበትም።»

አለቃዋ ተቆጣች፣ ቀጥሎም በረድ አለች። «ማመንሽ ደግ ነው» ብላ ያንኑ ትከሻ መታ አደረገችው።

ኮሪደሩ ላይ ልጅቷ ክንዷን ያዝ አድርጋ፣ «አይዞሽ እትዬ፣ በእኔና በአንቺ መሃል ይቀራል» አለቻት።

ማመስገን ነበረባት፤ ክንዷን አስለቅቃ ሄደች። ይህች ልጅ ሠንጠረዡን ወሰደችባት፤ ሰዉን ወሰደችባት። አሁን ደግሞ ጥፋቷን እንኳ ቀማቻት።