የአሻግሬ ወገብ

ባቡሩ ገና በየቀኑ እያፏጨ በሚያልፍበት ዘመን፣ አቃቂ ጣቢያ ጥጥና ጨው ሲያራግፉ ከኖሩት ኩሊዎች መካከል ወገቡን ይዞ የማያቃስት አንድ ሰው ቢኖር ጎረቤቴ አሻግሬ ነበር። ሌሎቹ ገና በጎልማሳነታቸው ጎብጠው ምርኩዝ ሲፈልጉ፣ እሱ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በዕድል ያገኘው እንዳይመስላችሁ። ወገቡን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቅ ነበር።

ጆንያ ሲያነሣ ጎንበስ አይልም፤ ቁጢጥ ይልና ሸክሙን ደረቱ ላይ አስጠግቶ በጉልበቱ ይነሣል። ተሸክሞ ወገቡን አይጠመዝዝም፤ መዞር ካለበት በእግሩ ይዞራል። ሥራ ሲጀምር ሰፊ መቀነት ይታጠቃል። ፍራሽ አይወድም፣ የሚተኛው ሳንቃ ላይ ነው። ቤቱ ከገባ በኋላ ደግሞ ከውሃ ጣሳ የሚከብድ ዕቃ አያነሣም። «ወገቤ የዚህ ቤት ምሰሶ ነው፤ እሱ ከተሰበረ ምን ልትበሉ ነው?» ይላል። እውነቱን ነው፤ ማን ይከራከረዋል?

ስለዚህ የቤቱን ሸክም ሁሉ ሚስቱ ጠጄ ተሸከመችው። ውሃ ከወንዝ በእንስራ፣ እህል ወደ ወፍጮ ቤት፣ ማገዶ ከተገኘበት። እርጉዝ ሆና ተሸክማለች፤ አራስነቷን ሳትጨርስም ተሸክማለች። አንዳንዴ ብሽቅ ብዬ፣ «አንድ ቀን እንኳ ቢቀዳልሽ ምናለበት?» ስላት፣ «ተዪው፣ ጣቢያ የሚሸከመው ይበቃዋል» ትለኛለች። ለራሷ የምትመኘው ነገር አልነበራትም። አንድ ነገር ብቻ ትል ነበር፤ «የሺሐረግ እንስራ አትሸከምም።» የሺሐረግ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት። ጠጄ እንስራውን አስነክታት አታውቅም፤ ልጅቷ ለመርዳት እጇን ስትሰድ፣ «ደብተርሽን ያዢ» ብላ ታባርራታለች።

አንድ እሑድ አሻግሬ አዳዲስ ኩሊዎችን ግቢያችን ሰብስቦ አነሣሥ ያስተምራል። ገለባ የሞላው ጆንያ መሐል አስቀምጦ ቁጢጥ ይላል፣ ያነሣል፣ መልሶ ያስቀምጣል። በዚህ መሐል ጠጄ ከወንዝ መጣች። እንስራው ጀርባዋ ላይ፣ ገመዱ ደረቷን ሰርስሮ፣ ግንባሯ ወደ መሬት ተደፍቶ። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላት። አሻግሬም ጆንያውን እንዳቀፈ፣ ወገቡን ሳይጠመዝዝ፣ በእግሩ ዞር ብሎ አሳለፋት። ከዚያ ትምህርቱ ቀጠለ። እኔ ይህን ሁሉ ከበራፌ ሆኜ አያለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከወንዙ የሚያወጣው ዳገት ላይ አዳለጣት። እንስራው ተሰበረ፤ እሷን በቃሬዛ አመጧት። ወጌሻው አሽቶ አሽቶ ሲያበቃ እጁን ታጠበና፣ «ይሄ የዛሬ ውድቀት ብቻ አይደለም፤ ወገቧ ካለቀ ቆይቷል» አለ። ሐኪም ቤትም ወሰድናት። ከእንግዲህ በእግሯ እንደማትቆም ነገሩን። ከዚያ ደግሞ ምክር ጨመሩልን፤ ጠንካራ ነገር ላይ ትተኛ፣ ጎንበስ አትበል፣ ከባድ ዕቃ አታንሣ። አሻግሬ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። የማያውቀው ነገር አልነበረበትም።

ሳንቃውን ለቀቀላት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። አንድ ማለዳ ግን አዲስ የተገዛውን እንስራ ብድግ አድርጎ ወደ ወንዝ ሲወጣ አየሁትና፣ እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ገና ከግቢው ሳይርቅ የሥራ ጓደኛው ሮሪሳ መጣ። «ምነው አሻግሬ፣ ሴት ሆንክ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። አሻግሬ እንስራውን መሬት አስቀመጠ። «ለወገቤ እንደማይሆነኝ አሁን ትዝ አለኝ» አለና ተመለሰ። ወገብ ስንቱን ይሸፍናል።

ጠጄን በየጠዋቱ ፀሐይ ላይ የሚያወጣት ግን እሱ ነው። ቁጢጥ ይላል፣ ደረቱ ላይ ያስጠጋታል፣ በጉልበቱ ይነሣል። በቤቱ ሲሸከም ያየሁት እሷን ብቻ ነው፤ እሷም ከስታ ከስታ ሸክም መሆኗ ቀርቷል።

አንድ ቀን እኔም ቤታቸው ሳለሁ፣ እንደዚያ አቅፏት ሊወጣ ሲል፣ የሺሐረግን በሩ ሥር እንስራው ላይ አጎንብሳ አገኛት። ጎረቤት በየተራ የሚቀዳላቸው ውሃ አልቆ ነበር። ደብተሯ መደቡ ላይ ቀርቷል፤ ገመዱን በእጇ ጠምጥማዋለች። አሻግሬ ጠጄን እንዳቀፈ በእግሩ ዞር ብሎ መንገድ ለቀቀላት።

ጠጄ ልጅቷን ብዙ አየቻት። «ተዪው» ትላለች ብዬ እጠብቅ ነበር።

«ጎንበስ አትበይ፣ ልጄ» አለቻት። «ቁጢጥ ብለሽ ነው የሚነሣው።»