ግንባሩን የያዘው ሰውዬ

ስልክ ላይ ያለችውን ያቺን ምስል መቼም ታውቋታላችሁ። ፊቱን በመዳፉ የሸፈነ ትንሽ ሰውዬ። «ኧረ ወዲያ፣ አሁንስ በዛ፣ ከእናንተ ጋር ምን ይባላል!» ለማለት አፉ የሰነፈ ሰው የሚለጥፋት ናት። እኔ ራሴ በቀን ስንቴ እልካታለሁ፤ መብራት ሲጠፋ፣ ታክሲው መንገድ ላይ ተገትሮ ሲቀር፣ አለቃዬ ያለቀውን ሥራ እንደገና ሥሪ ሲለኝ። ለጓደኛ ከሆነ ምንም አይደለችም። ልጅህን ስጠኝ ብለህ ደጅ ለምትጠናው አባት ግን ትላካለች? ዛሬም ሳስበው ቆሽቴ ያርራል።

ነገሩ የታናሽ እህቴ ጋብቻ ነው። እኛ የምንኖረው ሃያ ሁለት አካባቢ ነው። የሚያገባት ልጅ ቤተሰቦች ደግሞ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ገና መግባታቸው ነበር። ያኔ ከተማው በሙሉ ተቆፍሯል። ዛሬ የሄድክበት መንገድ ነገ ጉድጓድ ሆኖ ይጠብቅሃል፤ ትናንት ሻይ የጠጣህበት ቤት ዛሬ በቆርቆሮ ታጥሮ ክሬን ቆሞበታል። ሽማግሌዎቹ ከአራብሳ እኛ ቤት ለመድረስ በጠዋት ተነስተው፣ ታክሲ እየቀያየሩ፣ አቧራና ጭቃ ለብሰው ነው የሚመጡት። ትልቁ ሽማግሌ ደግሞ ያለ ከዘራ መራመድ አይችሉም።

መጀመሪያ የመጡ ቀን በወጉ ሳሎናችን ውስጥ ቆሙ። «ጉዳያችንን ሳይሰሙን አንቀመጥም» አሉ። አባዬም በወጉ ሰማቸው፣ አስቀመጣቸው፣ «ዘመድ አማክሬ መልስ እሰጣለሁ» ብሎ ቀጠራቸው። እዚህ ድረስ ማንም አይከፋውም፤ ልጅ በአንድ ቀን አይሰጥም። በሚቀጥለው ሲመጡ ግን «አጎቷ ከክፍለ ሀገር አልገባም» አላቸው። ከዚያ ደግሞ «ጾሙ ይፈታ»። እኛ ምነው ስንለው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል። እህቴ በየቀጠሮው ፀጉሯን ተሠርታ ትጠብቃለች፤ እነሱ ሲወጡ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች።

ሰው በዚያ መንገድ በከንቱ እንዳይመላለስ ብዬ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ የከፈትኩት እኔው ነኝ። አባዬን፣ እህቴን፣ ልጁን፣ የልጁን ታላቅ ወንድምና ከሽማግሌዎቹ ስልክ የሚችሉትን አስገባሁ። አባዬ ስልክ ላይ መጻፍ የለመደው በቅርቡ ነው። በአንድ ጣቱ፣ ፊደሉን እየፈለገ፣ ያገኘውን በአፉ እያለ ነው የሚጽፈው። አንድ ቀን ከእራት በፊት ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ለተከበራችሁ ሽማግሌዎች። እንደምን ሰነበታችሁ። የእሑዱ ቀጠሮ አንድ ጉዳይ ስለገጠመን ወደሚቀጥለው ወር ቢዛወርልን። በአክብሮት።» አራት ነጥቡ እንኳ አልቀረም።

መልስ ሆኖ የመጣው ቃል አይደለም። የልጁ ታላቅ ወንድም ያንን ፊቱን የሸፈነ ሰውዬ ብቻውን ላከው። እሺ የለ፣ እምቢ የለ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ የለ።

አባዬ ስልኩን ራቅ አድርጎ አየው። መነጽሩን አስተካክሎ ደግሞ ቀረብ አድርጎ አየው። ከዚያ አጥፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና እራቱን ሳይበላ ተነሳ።

እኔ ኮሪደር ወጥቼ ለዚያ ባለጌ ደወልኩለት። «ምን ቆርጦህ ነው?» አልኩት ሰላም እንኳ ሳልለው።

«ኧረ እህቴ፣ እጄ አዳልጦኝ ነው!»

ዓይኑን በጨው አጥቦ! እጅ ሲያዳልጥ የማይፈልጉት ሰው ጋ ይደወላል፣ ይገባኛል። ከዚያ ሁሉ ምስል መሃል ገብቶ፣ ፈልጎ፣ የቆዳውን ቀለም ሳይቀር መርጦ የሚያዳልጥ ጣት የት አገር ነው ያለው? ሰውዬው እኮ ጠይም ነበር! የራሱን መልክ አስመስሎ ነው የላከው። ይህንኑ ስነግረው ሳቀ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ወሎ ሰፈር ወዳለው የአባዬ መለዋወጫ ሱቅ ጎራ አልኩ። ባልሄድኩ! አባዬ በሩ ላይ ቆሞ፣ ከጎን ካለው ጋራዥ የመጡ መካኒኮች ከበውታል። መዳፉን ፊቱ ላይ ለጥፎ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «እንዲህ ያለ ሰው ሲልኩልህ ምን ማለት ነው?» ይላቸዋል። አንዱ «ራሱን አሞት ይሆናል፣ ጋሼ» አለው። ሌላው «ፀሐይ በዝቶበት ነው» አለና ሳቁን ለመዋጥ ወደ መኪናው ዞረ። አባቴ፣ ሰፈሩ ሁሉ ብድግ ብሎ የሚቀበለው ሰው፣ በዚህ ዕድሜው መንገድ ዳር ቆሞ የስልክ ምስል ሲሆን አየሁ። በቁሜ ሞትኩ። እኔን ሲያየኝ እጁን ከፊቱ አወረደና «ገብቶኛል እኮ» አለኝ። «በቃል የሚነግረኝ ሰው ካለ ብዬ ነው።»

ያን ዕለት ቤት ገብቶ ቁርጡን ተናገረ። ይቅርታ ካልጠየቁት፣ ያውም ምን ለማለት እንደፈለጉ በአፋቸው ካልነገሩት፣ ልጅቷን አይሰጥም። እህቴ ፊቷ አመድ መሰለ። አባዬ አንዴ አይሆንም ካለ አይሆንም፤ ተወልደን ያደግንበት ነው።

ወሬው ደርሷቸው እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ይህን ጊዜ ልጅ ለመጠየቅ ሳይሆን ይቅርታ ለመለመን። ወንድምየው ከኋላቸው አቀርቅሮ ገባ። አልተቀመጡም። ትልቁ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጌታዬ፣ በዚህ ልጅ አዝነውበታል። አይፍረዱበት። መልእክትዎን ሲያነብ ቀጠሮው የተራዘመው በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ አማተበ። ምስሉም እሱ ነው። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ በስመ አብ ሲል ነው።»

ወይ ጉድ! ከሚያጣላ እውነት የሚያስታርቅ ውሸት እንደሚባል አውቃለሁ። ውሸትም ግን ልክ አለው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች «እውነት ነው» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ ባለጌም አብሮ ነቀነቀ!

አባዬ አልተቆጣም። ወደ እኔ ዞረና «አንቺ ቢሮ ስትውዪ ሥራሽ ከስልክና ከኮምፒውተር ጋር ነው» አለኝ። «እስቲ ንገሪኝ። ማማተብ ነው?»

ከኮሪደሩ በር ጀርባ እህቴ ቆማለች። ለዓይኗ ብቻ የሚሆን ክፍተት ትታ ታየኛለች፤ ዓይኗ «አዎ በይ» ይላል። አንዲት ቃል ናት። አዎ ካልኩ ነገሩ ያልቃል፣ እሷም ታገባለች። አይደለም ካልኩ ደግሞ ሽማግሌዎቹ በገዛ ቤታችን ውሸታም ይባላሉ፣ ሁሉም ያከትማል። ይህን ሁሉ ሸክም እኔ ላይ! አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ግን የትልቁ ሽማግሌ ጫማ ላይ አረፈ። የአራብሳን ጭቃ ደጃችን ላይ ሊያራግፉት ሞክረው አልለቀቀላቸውም። ስንት ቀን በወንድምየው ላይ ሲነድ የሰነበተው ንዴቴ ባለበት ወደ አባዬ ዞረ።

«አይደለም» አልኩ። «ሰልችቶኛል ማለት ነው አባዬ። አሁንስ በዛ ማለት ነው። ይሄ ልጅ ባለጌ ነው፣ በአፉ መናገር ነበረበት። ያለው ግን እውነት ነው! እኚህ አባት በዚህ እግራቸው እስከ መቼ ይመላለሱ? ለእኔ የተላኩት ሽማግሌዎችስ? እነሱም እዚህ ሳሎን ውስጥ እንዲሁ አልቆሙም? አጎቷ ይምጣ አልካቸው፣ መጣ። ጾሙ ይፈታ አልካቸው፣ ተፈታ። ክረምቱ ይለፍ አልካቸው። ክረምቱ አለፈ፤ ማን መጣ?»

ያ ነገር እቤታችን ውስጥ ተነስቶ አያውቅም። ለእኔ ሽማግሌ የላከው ሰው በዓመቱ ሌላ አግብቷል፤ እኔም ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ ሥራዬን ስሠራ ኖሬያለሁ። ያንን ሁሉ በእንግዳ ፊት አፈነዳሁት። ትልቁ ሽማግሌ «ተይ ልጄ፣ ተይ» አሉኝ።

አባዬ መነጽሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መልሶ አደረገው።

«ተቀመጡ» አላቸው። «ልጅቷን ሰጥቻለሁ። ሰርጉን ከፋሲካ በኋላ አድርጉት።»

ከበሩ ጀርባ እህቴ እሪ ብላ አለቀሰች። ሽማግሌዎቹ ተነስተው አባዬን ጉልበቱን ሊስሙ ሲሉ እሱ ትከሻቸውን ይዞ ከለከላቸው። እኔ ፊቴን ለማንም ማሳየት አልፈለግኩም። ዳቦና ለስላሳ ላመጣ ነው ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ።

ብርጭቆ ስደረድር አባዬ ተከትሎኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ያንቺዎቹ እኮ ዝም ብለው ነው የቀሩት» አለ። «አንዳቸውም ምንም አላሉኝም።»

«ቢሉህስ ኖሮ?»

«እንዳሁኑ እቆጣ ነበር» አለ። «ተቆጥቼ፣ ተቆጥቼ፣ እሰጥሽ ነበር።»

ትሪውን አንስቼ በጎኑ አልፌ ወጣሁ። ሳሎን ስገባ ወንድምየው ከሁሉም ቀድሞ ብድግ አለና ሊያግዘኝ እጁን ዘረጋ። ትሪውን ሰጥቼው አፍጥጬ አየሁት። ምነው በእኔዎቹ መሃል እንዲህ ያለ አንድ ባለጌ በነበረ!